ሳይገዙ ራስን ማየት ክልክል ነው

ሰኞ

ዝናቡ ገባ፣ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፣ እኔም ይህን ደብተር ጀመርኩ። ከሦስቱ አንዱንም የጠየቀ ሰው የለም።

የምጽፈው ስለ ደንበኞች ነው። አባቴ መስታወት ሲሸጥ ኖሮ ሞተ። እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ሱቁን ከወረስን ወዲህ እሷ ቤት ለቤት እየዞረች ትለካለች፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ላይ እለጥፋለሁ፣ እሸጣለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሰው መስታወት ሱቅ የሚገባው መስታወት ሊገዛ አለመሆኑን ነው። ጥርሱን ሊጎረጉር ነው የሚገባው። ዛሬ ጠዋት አንዱ ገብቶ፣ አንገቱን አንጋጦ፣ የአፍንጫውን ውስጥ በደንብ መረመረና «አመሰግናለሁ» ብሎኝ ወጣ። ሌላዋ ብጉሯን አፈረጠች። ከዚያ አንድ ባለ ከረባት መጥቶ ትልቁ መስታወት ፊት ቆመና አለቃውን እንዴት እንደሚናገረው ተለማመደ። ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ «ዋጋው ስንት ነው?» አለኝ፣ ለይሉኝታ ያህል።

ካርቶን ቀድጄ በወፍራም ቀለም ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩት። «ሳይገዙ ራስን ማየት ክልክል ነው።»

ከፊቴ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ፊቴን ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር መታውና ግራው ትንሽ ወርዷል። ሐኪሟ «ነርቭ ነው፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ በየቀኑ መስታወት ፊት ቆመው ጉንጭዎን ይንፉ፣ ያፏጩ» ብላኛለች። አለቀ። ይህ ደብተር ስለ እሱ አይደለም።

ማክሰኞ

ልብስ ሰፊው ደንቡን ሲያነብ ሳቁ መንገድ ማዶ ተሰማ። ከኔ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የምንዋሰነው። ስንት ዘመን ስንጎራበት አንዲት መስታወት ገዝቶኝ አያውቅም። ደንበኞቹ እጅጌው ያልተሰፋ ኮት ለብሰው፣ በስፒል እንደተወጋጉ እኔ ዘንድ መጥተው ይሽከረከራሉ።

«ታዲያ መስታወት ሱቅ ምን ልናይ እንግባ?» አለኝ።

«ዋጋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የመታህ ምች ነው ወይስ ስስት?»

አብሬው ልስቅ ከጀልኩ። የሚስቀው ግማሼ ብቻ ስለሆነ ተውኩት።

ሐሙስ

ሰላምታ ሊገድለኝ ነው። ደህና አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ቤት ደህና፣ ሥራ ደህና፣ እስኪ ቀና በል፣ ውይ! ምን ሆነህ ነው? ከዚያ መድኃኒቱ ይከተላል። አንዱ ትኩስ ጨርቅ አድርግበት ይላል፣ አንዷ ቀዝቃዛ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ ቀኝ ጉንጬን በጥፊ ቢለኝ ግራው ወደ ቦታው እንደሚመለስ አስረዳኝ። እያስረዳኝ የእጁን ዱቄት ያራግፍ ነበር።

ደግሞ «ፐ» ማለት አቅቶኛል። ኮምፔንሳቶ የሚለውን ቃል እንደምንም ስወጣው ደንበኛው መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

ሁለተኛ ካርቶን፤ «ሰላምታ አያስፈልግም። ቁመትና ስፋት ብቻ ይናገሩ።»

መጀመሪያ የገቡት አንዲት ባልቴት ናቸው። አነበቡት። መልሰው አነበቡት። «ልጄ፣ እንዴት አደርክ ሳልልህማ ስፋቱም ይጠፋብኛል» አሉና ወጡ። የሚያሳዝነው ሊገዙ ነበር የመጡት፤ መለኪያውን በክር ቋጥረው ይዘው ነበር።

ቅዳሜ

እትዬ መጣች።

«ማሙሽ፣ ይሄ ምንድነው?»

ጢሜ ሸብቶ፣ ደንበኛ ፊት፣ ማሙሽ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ደንብ ነው ሰውን የሚያርቀው?

«የሱቁ ደንብ ነው» አልኳት።

«ሱቁ እኮ ግማሹ የኔ ነው። እኔስ ሰላምታውን ግማሽ ግማሽ ልበላቸው?»

ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ። እኔም ለመቁረጫው ጎንበስ አልኩ። «ጥርስህስ?» አለችኝ። ጥርሴን ነው ብያታለሁ። ጥርስ እንዲህ ዓይን እንደማያፈጥጥና አፍ እንደማይወስድ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። «እየተሻለኝ ነው።» አባታችንን ግራ ጎኑን ጥሎት ሲተኛ ያስታመመችው እትዬ ናት። አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ሸኘችው። ሐኪሟ የኔው የአባባ ሕመም እንዳልሆነ ደጋግማ ነግራኛለች። ታዲያ ያልሆነን ነገር ለምን አወራዋለሁ? የተነጋገርነው ይኸው ነው፤ ማለቴ ያልተነጋገርነው።

ሰኞ

ትልቅ ሥራ መጣ። መንገድ ማዶ አዲስ የከፈተችው ፀጉር ሠሪ ግድግዳዋን ሙሉ መስታወት ትፈልጋለች። ትሑት ልጅ ናት፣ ጋሼ፣ እርስዎ፣ እያለች። ደንቡን አንብባ በአንገቷ ብቻ ሰላም አለችኝ። ወደድኳት።

ችግሩ ኮምፔንሳቶው የተደረደረው ጓዳ፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ነው። ጠርዙ ረጥቧል። አባቴ ቢሆን ሳይደርቅ በጣቱም አይነካውም ነበር። ግን እኮ አባቴ መስታወት ሲለጥፍ ዙሪያውን ከበው ያፈጠጡበት ፊቶች የራሱ ደህና ፊቶች ነበሩ። እኔ መስታወቶቹን በግንባራቸው ደፍቼ፣ ጀርባቸውን ብቻ እያየሁ፣ ለጣጥፌ ጨረስኩ። የተረፈችውን አንድ ቁራጭ ለራሴ ጓዳ ሰቀልኳት፤ ለሐኪሟ ትእዛዝ።

ረቡዕ

አስረከብኩ። ልጅቷ ደስ አላት። ቶሎ ወጣሁ።

ሱቅ ስመለስ ትልልቆቹን መስታወቶች ሁሉ በአንሶላ ሸፈንኩ። አቧራ እንዳይዛቸው ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ወር ከየት የመጣ አቧራ እንደሆነ እንዳልጠየቅ ደግሞ ሌላ ካርቶን ጻፍኩ። «መስታወት የሚመረጠው ከጀርባው ነው።»

አርብ፣ እየቸኮልኩ

እትዬ በመስኮት አየችና «አልጋ ልብስ ቤት ከፈትክ እንዴ?» ብላ ሄደች። ሻይ በግራ ከንፈሬ ጥግ እየወረደ ሸሚዜን ያጠጣል። ጓዳ ገብቼ ጉንጬን ነፋሁ። በግራ ሾለከ። ያው ነው። እንዲያውም ብሷል።

ማክሰኞ

ጉድ ነው። ፀጉር ሠሪዋ እርጥብ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ቀይ መስመሬን ተሻግራ (ወለሉ ላይ ደንበኛ የማያልፈው ቀይ መስመር አስምሬያለሁ) መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መስታወቱ ፊት ያጣምማል።»

«ምን አልሽ?»

«ፊት ያጣምማል። ደንበኞቼ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጉንጫቸው እየወረደ፣ አፋቸው እየሄደ...» እጇን ወደ ራሷ ጉንጭ አንስታ ወደ ታች ጎተተችው።

እጇን ስታይ፣ ፊቴን ስታይ፣ ደነገጠች። የደነገጠችው ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። በጥቅሉ ደንበኞችሽ ከናታቸው ሆድ ይዘውት የመጡትን ፊት እኔ አልሠራሁትም፣ መሳለቅ ካማረሽ ሌላ ቦታ ሂጂ፣ ውጪልኝ፣ ነው ያልኩት። «ው» እንኳ በወጉ አልወጣልኝም።

«አንተ ሰውዬ!» አለችኝ ከበሩ። እርስዎ ቀረ። «አሁን ስለ አንተ ያወራ ማን አለ?»

በሩን ዘጋሁት። ከዚያ አንድ ካርቶን ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። ሁለተኛውን ለጠፍኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» የመጀመሪያው ምን ይል እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደዚያው ይቅር።

ሐሙስ

ዛሬ ማንም አልገባም። ደንቡ ሠርቷል።

ቅዳሜ ማታ

ረጅም ቀን ነበር፤ ሥራ ስላልነበረው። ሥራ ያለው ቀን እንዲህ አይረዝምም።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ያ መስታወት ቤት ልትሄጂ ነው? ተይ እቴ! ገብተሽ እስክትወጪ የሚከለከል አይጠፋም። ቀጥሎ መተንፈስ ነው የቀረው።» ሌላዋ «ድሮ እንዴት ተጫዋች ሰው ነበር» አለች። ሁለቱም ያሉት ስድብ አይደለም። ሰልፉን ትቼ ተመለስኩ፣ ራቴንም ያለ ዳቦ በላሁ። እንዲህ ነው ብልህ ሰው የሚናደደው።

እትዬ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከዚህ ቀደም ስትቆጣ ትጮህ ነበር፤ ዛሬ አልጮኸችም፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ጫማ ነጋዴው ሱቁን ልከራይ ብሎኛል» አለች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አይቶ ይወስን ብዬዋለሁ።»

«ምን ልታደርጊ? አባባ የሠራውን ሱቅ?»

«አባባ የሠራው ሱቅ ሰው ይገባበት ነበር።»

«ደንቡን ላላላው እችላለሁ።»

«ደንቡን አይደለም ማሙሽ!» አንሶላዎቹን በእጇ አሳየችኝ። «እዚህ ሰፈር አንተ ምን እንደሆንክ የማያውቅ የለም። ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል። ልብስ ሰፊው ያውቃል። እኔ እህትህ ግን ጥርስህን እየጠየቅኩ እኖራለሁ። የምትፈልገው ብቻህን መሆን ከሆነ፣ ሱቁን አከራይተን ቤትህ ተቀመጥ። መስታወት የለም፣ ሰው የለም፣ ይመችሃል።»

ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ ወጣች።

ከጠዋት እስከ ማታ መስታወት ከመቁረጥ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ይህን ስጽፍ ለራሴ እያዘንኩ እንዳይመስልብኝ እንጂ እውነቴን ነው፤ ያለዚህ ሱቅ ጠዋት ተነስቼ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ልደውልላት አስቤ ነበር። ደውዬ ምን ልላት? ጥርሴ ብሶበታል?

ጓዳ ገባሁ። አፏጨሁ። ነፋስ ብቻ ወጣ። መስታወቷ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያው ነው፣ አፉ ጆሮው ሥር ሊደርስ ነው። ሐኪሟ ቀስ ብሎ ይመለሳል ብላ ነበር። ሐኪሞችም ሻጮች ናቸው።

ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን በእርጋታ ልጻፈው፤ ሳቄ ግን አላስጽፍ ብሎኛል።

ጓዳ ቆሜ ጉንጬን እየነፋሁ ነበር። ልብስ ሰፊው በፊት በር እንዳይገባ ደንቡ በዛበትና በጓሮ በር ዘው አለ፣ የእንጨት ሜትሩን እንደ ከዘራ ተመርኩዞ። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። መስታወቷ ውስጥ አየሁት፤ ግራ ጉንጩ ወርዷል፣ አፉ ሄዷል።

«ወየው! አንተንም ያዘህ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?»

«ፊትህ! ፊትህ ወርዷል!»

ሜትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እሱም ግድግዳውን ተደገፈ። «የልጆቼ አምላክ!» አለ። «ትላንት ማታ መስኮት ሳልዘጋ ተኝቼ...»

«አፏጭ!»

«ምን?»

«አፏጭ ብዬሃለሁ! የሚለየው በሱ ነው!»

እንባው እየመጣ አፏጨ። እንደ ዋሽንት ጥርት ያለ ፉጨት! ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ነክሶ የሚውል ሰው ነውና ከንፈሩ ብረት ነው። ዞሬ በቀጥታ አየሁት። ፊቱ ደህና ነው፤ ማለት የድሮው መልከ ጥፉ ፊቱ ነው፣ ምንም አልሆነም። ወደ መስታወቷ ተመለስኩ፤ ወርዷል። እንደገና ዞርኩ፤ ደህና። ያኔ ነው የእንጨት ሜትሩን መስታወቷ ውስጥ ያየሁት። እንደ ማጭድ ጎብጧል። ዞሬ በእጄ ዳሰስኩት፤ ቀጥ ያለ ነው።

አባቴ አንድም ቀን መስታወት በፊቱ ፈትኖ አያውቅም። የበሩን መቃን ነበር የሚያይበት። መቃኑ ቀጥ ካለ መስታወቱ ቀና ነው፤ ከጎበጠ ኮምፔንሳቶው ተጣሟል፣ ይነቀላል። ይህን ሳልጎረምስ ነው የተማርኩት። እኔ ግን ስንት ሳምንት ሙሉ ያቺ እርጥብ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፌ የጠመዘዝኳት መስታወት ፊት ቆሜ፣ ከኋላዬ በር መኖሩንም ረስቼ፣ ያየሁት ራሴን ብቻ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ሱቅ ወጥቼ ከትልቁ መስታወት ላይ አንሶላውን ገፈፍኩት። ልብስ ሰፊውም ለራሱ ለማረጋገጥ ተከትሎኝ መጣ፤ ጎን ለጎን ቆምን። እሱ ምንም የለውም። እኔ አልዳንኩም። ግን ግማሽ መንገድ ተመልሻለሁ። ቅንድቤ ይንቀሳቀሳል። ዓይኔን ብጨፍን ሊገጥም ትንሽ ነው የቀረው። ጉንጬን ነፋሁት፤ ጥቂት ቆየና ነው የሾለከው።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?» አለኝ።

«ግራ ዓይኔ ነው፤ በራሱ ነው የሚያነባው» አልኩት። የቀኙንም አይቶት ነበር፤ እግዜር ይስጠው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ከዚያ ትዝ ያለኝ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ምስኪን ልጅ፣ ደንበኞቿ በዚያ መስታወት ፊታቸውን አይተው ሲሸሿት፣ ዕቃህ ተበላሸ ልትለኝ ብትመጣ፣ ሰድቤ አስወጣኋት። የገዛ ዕቃዬን የገዛ ፊቴ ነው ብዬ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

ሐሙስ

ትላንትም ዛሬም ስቆርጥ ዋልኩ። ደረቁን ኮምፔንሳቶ፣ ጣሪያው እንዳያፈስበት፣ ልብስ ሰፊው ቤት አስቀመጥኩ። እያንዳንዱን በመቃኑ ፈተንኩት።

አርብ

መንገድ ተሻገርኩ፣ ከአዲሶቹ መስታወቶች ትልቁን በቅድሚያ በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ። እስከዛሬ ጎንበስ ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ እጄ ስለተያዘ መደበቂያ የለኝም። አንድ ሰው መጣ፤ መስታወቱ ውስጥ አየና ኮሌታውን አስተካከለ። አንዲት ሴት መጣች፤ ሻሿን መለስ አደረገች። የትምህርት ቤት ልጆች ምላሳቸውን አወጡ፣ ለራሳቸው። መንገዱን ሙሉ ያለፈኝ ሰው ሁሉ ራሱን አየ። እኔን ያየኝ አንድ ሰው የለም! ለዚህ ነው ያ ሁሉ ካርቶን የባከነው?

ፀጉር ሠሪዋ በር ላይ ጽሑፍ አለ። «መስታወት ሻጭ መግባት ክልክል ነው።» የእጅ ጽሑፏ ከኔ ያምራል። ቆምኩ።

ከፈተች። «ማንበብ አይችሉም?» እርስዎ ተመልሷል፣ የከረረ እርስዎ።

«እችላለሁ። መስታወቱ ይግባ፤ እኔ ደጅ እቆያለሁ።»

«ማን ሊሰቅለው?»

መስታወቱን ደጃፉ ላይ አሳረፍኩ። ከውስጥ፣ ራሷ ላይ አረፋ የተቆለለ አንዲት ሴት «ያ ያባረረሽ ሰውዬ ነው?» አለች። ትክ ብላ መረመረችኝ። «ውሸት ነው፣ ፊቱስ ብዙም አልከፋ። የታመመው ምላሱ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ጠማማ ሳቅ ነው፤ ግን ወጣ። «እውነትሽን ነው» አልኳት። ከዚያ ልጅቷን «የጠመመው መስታወቱ ነበር። እርጥብ እንጨት ላይ ለጥፌው ነው። አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ባለጌ ነበርኩ» አልኳት። ደንበኛ በሞላበት።

«ይግቡ በቃ» አለች። «ሰላም ብለው ግን ይግቡ።»

አሮጌዎቹን ነቅዬ አዲሶቹን ስሰቅል ጊዜውን ሙሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ።

ቅዳሜ

አንሶላውን ሁሉ ገፍፌያለሁ። ካርቶኖቹን እትዬ ጓዳ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር አንጥፋቸዋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀሙ። ገና እንዳኮረፈችኝ ናት። እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ደንበኛ ይገባል። አዎ፣ ደንበኛ ይገባል! ፀጉር ሠሪዋ የላከቻት አንዲት ሙሽራ ለቁም ሳጥኗ አዝዛ ሄደች።

ጫማ ነጋዴው በቀጠሮው መጣ። ወጣት ነው፣ ወፍራም፣ ሳቂታ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። መደርደሪያው እዚህ፣ ወንበሩ እዚያ፣ ይህን ሁሉ መስታወት አንድ ቀን እናነሳዋለን። እትዬ ባንኮኒው ጋ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትመልስለትም። እኔን ትጠብቃለች። ይገባኛል፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት፣ ግን ማሙሽ ይናገር ብላ ቆማለች።

ጫማ ነጋዴው ሜትሩን እየጠቀለለ ዞር አለና በሙሉ ዓይኑ አየኝ። «ጋሼ፣ ምነው? ምን ሆነው ነው?»

እትዬ ቀና አለች።

«ታምሜ ነው» አልኩት። «የፊት ነርቭ ነው። አባታችንን የገደለው ሕመም ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ አይደለም አሉኝ። ይድናል ብለውኛል፣ ገና ግን አልዳንኩም። ሱቁም አይከራይም።»

የነገርኩት ለጫማ ነጋዴው ነው። እሱ ግራ ተጋብቶ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ወደ እትዬ ዞሮ መልስ ቢጠብቅ «ሰምተሃል እኮ» አለችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችን፤ ጨርቅ አንስታ የተወለወለ መስታወት መወልወል ጀመረች፣ ያንኑ ቦታ፣ ደጋግማ።

እትዬ ስታለቅስ የሚያያትን ሰው አትወድም። አባታችን የሞተ ቀን እንኳ ጓዳ ገብታ ነው ያለቀሰችው። ግን ይህ መስታወት ሱቅ ነው። ጀርባዋን ብትሰጠኝም ፊቷን አየሁት።